መንደሩ ተቃውሞ የለውም

የምክር ቤቱ ወንበር መጀመሪያ ለኔ አልታሰበም ነበር። መንደራችን የመረጠው ታሉምን ነው። ታሉም አዳኝ ነው፤ ከመንደሩ በላይ ያለውን ተራራ ጅረቱንም ገደሉንም በየስሙ ይጠራዋል። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጭ ብለን መረጥነው፤ አንድም ሰው «አይሆንም» አላለም። ተራራውን የሚያስተዳድረው የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት አማካሪ ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። አሥራ አንድ ወንበር አለው። አሥሩ የሜዳ ሰዎች የምንላቸው የቻይናውያኑ ባለሙያዎችና ሹማምንት ናቸው። አሥራ አንደኛው ለእኛ፣ ለተራራው ነባር ሕዝብ ለቡኑኖች ተተወ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። በጣም ትሑት ደብዳቤ ነው። የመንደሩን ምርጫ እናከብራለን፣ ሆኖም ሰነዶቹ ረጃጅምና ውስብስብ ስለሆኑ ቻይንኛ አሳምሮ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ቢላክ ለመንደሩም ይበጃል ይላል። ታሉም እኔ ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማና ሳቀ።

«አንተ ሂድ መምህር» አለኝ። «የኔ ቻይንኛ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ከመጣላት አያልፍም።»

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ልጆች ቻይንኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት «ኧረ ታሉም ይሻላል» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት፤ ለሦስተኛው አላስለመንኳቸውም። በዚያው ሳምንት ከተማ ወርጄ ኮት ገዛሁ። ባለቤቴ አቡስ ኮቱን አይታ ሙሽራ መሰልክ ብላ ቀለደችብኝ።

ስብሰባው በየሦስት ወሩ ነው፤ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያስኬዳል። የመጀመሪያው ቀን ቦታዬ ላይ ስሜ ተጽፎ ቆሞ አገኘሁት። «ሳሊዛን» ይላል። በመታወቂያዬም፣ በትምህርት ቤቱም መዝገብ ሌላ ስም ነው ያለኝ፤ የቻይና ስም። ባለሥልጣን ፊት በራሴ ስም ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ካርዱን ትንሽ ወደ ራሴ ሳብኩት።

በመጀመሪያው ዓመት ተናገርኩ። ወደ አደን የሚወስደው መንገድ መዘጋቱ ትክክል አይደለም አልኩ። በጥሞና አዳመጡኝና «ሐሳቡ ተመዝግቧል» አሉ፤ መንገዱም እንደተዘጋ ቀረ። በሁለተኛው ስብሰባ ያንኑ ነገር አንስቼ ትንሽ አስረዘምኩት መሰለኝ አጠገቤ ያለው ሰው ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው አሳጠርኩ። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሊቀመንበሩ ፕሮፌሰር ጂያንግ በራሳቸው እጅ ዓሣ ሳህኔ ላይ አደረጉልኝና ጎናቸው ላለው ሰው «ከመምህር ሳሊዛን ጋር ሥራ ይሠራል፤ እንደ ሌሎቹ ጯሂ አይደሉም» አሉት። ሌሎቹ ያሏቸው እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ዓሣው ጣፈጠኝ። ቤት ስገባም ነገሩን ለአቡስ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

የስብሰባው ወረቀት ቀደም ብሎ ለፑኒ ይላካል። ፑኒ መንደሩና መሥሪያ ቤቱ የሚገናኙባት ተላላኪ ነበረች፤ ለሥራው የመረጣት መንደሩ ነው። ሰነዱን አትማ፣ ጠርዛ፣ በሞተር ሳይክሏ ቤቴ ድረስ ታመጣልኝና በደብተሯ ላይ ታስፈርመኛለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። አያቷ ላንጉስ በመንደሩ ትልቋ ሴት ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ የመጣው ሰነድ አርባ ገጽ ነበር። ሰባተኛው ጉዳይ ተራራ ለሚወጡ መንገደኞች የሚሠራ ማረፊያ ቤት ነው፤ አርባ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ መጸዳጃ። ቦታው «ጥቅም ላይ ያልዋለ፣ የፈራረሰ የድንጋይ አጥር ያለበት ሜዳ» ተብሎ ተጽፏል። ካርታውን ስመለከት ሃሊፑሳን ነው።

ሃሊፑሳን አሮጌው መንደራችን ነው። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት ጃፓኖች ሕዝባችንን ከተራራው አስገድደው ወደዚህ ሲያወርዱት ላንጉስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የድንጋይ አጥር የተባለው ቤታችን ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሲሞት ጉልበቱን አቅፎ እንደተቀመጠ አድርገን እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነበር የምንቀብረው። የላንጉስ አባት እዚያ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸውም እዚያ ነው። የኔም አያት።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰባተኛውን ጉዳይ በእርሳስ አሰመርኩበት። ጠርዙ ላይም «ቤቶቹ! መቃብር!» ብዬ ጻፍኩ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ፕሮፌሰር ጂያንግ በር ላይ አግኝተውኝ ለሚቀጥሉትም ሁለት ዓመታት ስሜን ለማቅረብ እንዳሰቡ ነገሩኝ። አመሰገንኩ። ስድስተኛው ጉዳይ ብዙ አከራከረና ሰባተኛው ላይ ስንደርስ አመሻሽቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን መዝጋት ጀምረዋል። የኔም የመጨረሻ አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ጸሐፊው ጉዳዩን በፍጥነት አነበበው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«የመንደሩ ተወካይ ተቃውሞ አላቸው?»

ዝም ብል ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነው። «መንደሩ ተቃውሞ የለውም» አልኩ።

ድምፄ ንጹሕ ነበር። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ሰው ተነሣ። አውቶቡሱ ላይ ሆኜ ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፣ ሰው ፊት ማሳፈርም ጥሩ አይደለም እያልኩ ራሴን አባበልኩ። በማግሥቱ የፕሪም ለቀማ ተጀመረ። ደብዳቤውን አልጻፍኩትም። ሚያዝያም ግንቦትም አለፈ፤ ከዚያ በኋላ መጻፉ ራሱ መጋለጥ ሆነብኝ።

ጥቅምት ላይ ታሉም ከተራራ ወረደ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሳይበተን ወደ ፊት መጣና ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የእንጨት ችካል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሃሊፑሳን በችካል ተሞልቷል አለ። አፈሩን ሊመረምሩ አራት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍረዋል። አንደኛው ጉድጓድ የእማማ ላንጉስ አባት ቤት ውስጥ ነው፤ የወለሉን ድንጋይ አንሥተው፣ ጥልቅ ቆፍረው፣ አፈሩን ቁልቁል ወደ ገደሉ ደፍተውታል። አፈሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። ታሉም ይህን ሲናገር ወደ ላንጉስ አላየም፤ ማንም አላየም። አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ታሉም በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ፤ የሚያውቅ ሰው እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀኝ። «መምህር፣ ይሄ ነገር ምክር ቤቱ ዘንድ ቀርቦ ነበር?»

«ያ ወረቀት እኔ ዘንድ አልደረሰም» አልኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር። እኔ ዘንድ ካልደረሰ ያላደረሰው ማን እንደሆነ ለማሰብ ማንም ጊዜ አልፈጀበትም። ፑኒ ከኋላ፣ ከአያቷ ጎን ነበረች። «እኔ የመጣውን ሁሉ በእጄ አድርሻለሁ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ምናልባት ከመሐል አንድ ሁለት ገጽ ተንሸራቶ ይሆናል» አልኩ። ደግ ለመምሰል ነው እንዲህ ያልኩት። ፑኒ አየችኝ። አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እስክጠራት የምትጠብቅበት ነው። እኔ ችካሉን አየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት መንደሩ ሥራውን ከእጇ ወሰደ። ክፉ ቃል የተናገራት ብዙ ሰው የለም፤ ጥቂቱ ግን ይበቃል። ሱቅ ስትገባ ባለሱቋ መልሷን እየሰጠች «ቁጠሪው፤ ደግሞ አንዱ ተንሸራቶ እንዳይሆን» አለቻት። መሥሪያ ቤቱ ገዝቷታል ያሉም ነበሩ። ፑኒ ለማንም መልስ አልሰጠችም። ከመንደሩ በታች ወዳለው የፕሪም ማድረቂያ ፋብሪካ ወርዳ ሥራ ገባች፤ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆነ።

እኔ ግን ተከበርኩ። ያ ነው የከፋው። ሰዎች «እሳቸውን አታለሏቸው» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር። አንዲት ጎረቤት ጎደሬ ቀቅላ አመጣችልኝ። በላሁት፤ ምን አደርጋለሁ፤ እሷ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አቡስ ቁም ሣጥኑን ስታጸዳ ሰነዶቼን አገኘች። እሷም ማንበብ ትችላለች፤ ያን ዘንግቼው ኖሯል። ከጓሮ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የመጋቢቱን ሰነድ ከፍታ ተቀምጣለች።

«ይሄን ማነው ያሰመረበት?» አለችኝ።

ልወስደው እጄን ስዘረጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጽሕፈቱ ያንተ ነው። መቃብር ብለህ ጽፈሃል።»

«አቡስ...»

«እኔ ለማንም አልናገርም። ግን እሑድ አጠገቤ አትቀመጥ። ከልጅቷ አያት ፊት ካንተ ጋር ጎን ለጎን ሆኜ መዘመር አልችልም።»

አልጮኸችም፤ ሰነዱን ዘግታ ሩዝ ልታጥብ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ እንዳለችው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሰው የተጣላን መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቅ በኋላ ግን ምግብ አልወርድልህ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ወረድኩ። ፑኒ በምሳ ሰዓት ወጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ከጨውና ከፕሪም የተነሣ ቀልቷል። ግቢው ውስጥ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጥን። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ወረቀቱ ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ ተቃውሞ የለም ያልኩትም እኔ ነኝ» የሚለው ብቻ ነው።

«አውቃለሁ» አለች። «ቃለ ጉባኤውን ለእኔም ልከውልኝ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ነው። እርስዎ ያሉት ቃል በቃል ተጽፏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? የፈረምኩበት ደብተር አለሽ አይደል? ያን ዕለት ቦርሳሽ ውስጥ አልነበረም?»

«ነበረ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ሳንወጣ የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቤት እስክደርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ደብተሩን ላወጣው አሰብኩና መምህር፣ ያለችን አንዲት ወንበር ናት አልኩ። መንደሩ የላከው ሰው ዋሽቷል ከተባለ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ እርስዎን አይደለም ውሸታም የሚሉት። ቡኑኖቹ ናቸው የሚሉት። ወንበሯንም እዚያው ላይ ያነሧታል።»

«አያትሽስ?»

«ለአያቴ ወረቀቱን እንዳደረስኩ ነግሬያታለሁ። አምናኛለች። ማን እንደዋሸ ግን አልጠየቀችኝም።» ተነሣች። «ደወል ሊደወል ነው። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ከሆነ የመጡት፣ እዚህ አይደለም የሚጠየቀው።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ የዚያን እሑድ ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም። ጸሎቱ ሲያልቅ ተነሥቼ ወደ ፊት ወጣሁ። ሰነዱን ይዣለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዓሣውንም፣ የሁለት ዓመቱን ሹመትም፣ አውቶቡሱንም። ፑኒ ያላደረሰችኝ ወረቀት የለም አልኩ። ያሰመርኩበትን ገጽ ከፍቼ ለፊተኛው ረድፍ ሰጠሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ኋላ ሄደ። ማንበብ የማይችሉት ሳይቀሩ ያዩት ነበር። ባለሱቋ ስታየው ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሰው እንዲጮኽብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸም። ብዙ ቆይቶ ታሉም ከተቀመጠበት ሳይነሣ ተናገረ።

«እኔ ብሄድ ኖሮ አይሆንም እላቸው ነበር» አለ። «ቻይንኛዬ የተሰባበረ ነው። አይሆንም ግን ማለት እችላለሁ።»

ላንጉስ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም።

በታኅሣሥ ስብሰባ ከታሉም ጋር ሄድን። መንደሩ የሰጠን ትእዛዝ ያልኩትን ቃል እንድሽርና ከዚያ ወንበሩን እንድለቅ ነው። ተነሥቼ በመጋቢት የተናገርኩት የመንደሩ ቃል እንዳልሆነ፣ መንደሩን እንዳልጠየቅኩ፣ ቦታው መቃብር መሆኑን እያወቅኩ እንደደበቅኩ ተናገርኩ። ፕሮፌሰር ጂያንግ በትዕግሥት ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘኔታ ነው፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«መምህር ሳሊዛን፣ ቃለ ጉባኤው ጸድቋል» አሉ። «ተወካዩ እርስዎ ነበሩ። የተወካይ ቃል የመንደሩ ቃል ነው፤ እኛ ሌላ ማንን መጠየቅ ነበረብን? ያሁኑን እንደ ግል አስተያየት ልንመዘግበው እንችላለን።»

ታሉም ክንዴን ያዘኝ። «ተርጉም» አለኝ በቡኑንኛ። «እንዳታለሰልሰው።»

እሱ እየተናገረ እኔ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። «በዚያ ጉድጓድ የነበሩት ሰው ስም አላቸው። ቲያንግ ይባላሉ። ልጃቸው በሕይወት አለች። እናንተ አሥር ሆናችሁ ተቀምጣችኋል፣ እኛን አንድ አድርጋችሁ አስቀምጣችኋል፤ አንዱ ሲፈራ መንደሩ ሁሉ የተስማማ ይሆናል። እሱ ጥፋተኛ ነው። እኛ እንቀጣዋለን። ቦታው ግን የሱ አይደለም፣ ሊሰጣችሁ አይችልም።» ጥፋተኛ ነው የሚለውን ለመተርጎም ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ። ታሉም እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ከአሥሩ ሁለቱ ደገፉን፤ አንደኛዋ ከዚህ በፊት ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ የዕፀዋት አጥኚ ናት። ሦስት ሰዓት ተከራክረው ማረፊያ ቤቱ እዚያ ካለው ምንጭ በታች፣ ከቤቶቹ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ እንዲሠራ ወሰኑ። አልተሰረዘም። ተራራ የሚወጡት ሰዎች መንገድም አሁንም በቤቶቹ መሐል ያልፋል። የተደፋውን አፈር ሊመልስ የሚችል ውሳኔ የለም።

ከዚያ በኋላ ላንጉስ አስጠሩኝ። በራቸው ላይ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። እንድቀመጥ አላሉኝም።

«እኔ መውጣት አልችልም፤ ጉልበቴ እምቢ ብሏል» አሉ። «አንተ ውጣ። አባቴን ሄደህ ንገረው። ስምህን ንገረው፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ንገረው፣ ያደረግከውን ንገረው። በቻይንኛ እንዳይሆን፤ አይሰማም።»

እሺ አልኩ። «ይቅር ይሉኛል?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ባቄላቸውን ቀጠሉ።

ከታሉም ጋር ሁለት ቀን ወጣን። እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሱ ጓዜን ሊቀበለኝ አልጠየቀኝም፣ ሲደክመኝ ግን እየቆመ ይጠብቀኝ ነበር። ሃሊፑሳን ጭጋግ ውስጥ ነበር። የቤቱ ግድግዳ እስከ ደረቴ ድረስ ቆሟል፤ መሐል ወለሉ ላይ ጉድጓዱ ውኃ ቋጥሮ ተቀምጧል። ታሉም ያመጣውን የዳጉሳ መጠጥ ለሙታኑ በጣቱ ሦስት ጊዜ ረጨና ወደ ኋላ ተመለሰ።

ተንበረከክሁ። ስሜን ተናገርኩ፣ የአባቴንም። ከዚያ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስብሰባው ረጅም እንደነበር፣ ሰዓቱ እንደመሸ። ታሉም ከበሩ ላይ «ሰውዬው ሰዓት አላቸው እንዴ?» አለ።

አቆምኩ። «ቤትዎን አሳልፌ ሰጥቻለሁ» አልኩ። «ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ በልጅ ልጅዎ ልጅ ላይ አላከክሁት።» ቡኑንኛዬ የመምህር ቡኑንኛ ነው፤ ለስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ከልክዬው የኖርኩ ቋንቋ። አረፍተ ነገሩ አጭር ሆነ፤ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም። አለቀስኩ፤ ታሉም አላጽናናኝም። ውኃውን ቀድተን አወጣን፣ ከጅረቱ ዳር ንጹሕ አፈር በቅርጫት እያመላለስን ሞላነው፣ የወለሉን ድንጋይ ሁለት ሆነን መለስነው። ቀኑን ሙሉ ፈጀብን።

ስመለስ ለአባታቸው መናገሬን ለላንጉስ ነገርኳቸው። «ደህና» አሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም፣ እኔም አልጠብቅም።

ወንበሩን መንደሩ ለፑኒ ሰጠ። መጀመሪያ አልፈልግም አለች፤ በኋላ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው እንዲሄድ፣ በስብሰባው የተባለውም በዚያው ሳምንት እሑድ በሰው ፊት እንዲነበብ የሚል ሕግ አስወጥታ ተቀበለች። አብሯት የሚሄደው ታሉም ነው፤ ወረቀቱን የምታነበው እሷ ናት፤ አይሆንም የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ታሉም ነው ይላሉ። እኔን እስካሁን መምህር ትለኛለች። ከሥራዋ ስትመለስ በቤቴ በኩል ያለውን አጭር መንገድ ትታ በላይኛው ነው የምትዞረው።

ባለፈው ወር ታሉም ከርከሮ ገደለ። በእኛ ደንብ ሥጋው ለየዘመዱ ይከፋፈላል፤ ማንም ድርሻው አይቀርበትም፣ ጥፋተኛም ቢሆን። የኔን ድርሻ ራሱ ታሉም በቅጠል ጠቅልሎ አመጣው። በመስኮት አየሁት። ደጃፉ ላይ አስቀመጠው፣ በሩን አንዴ መታ፣ እኔ ከፍቼ እስክወጣ ግን አልቆየም። አቡስ አንሥታ አስገባችውና ድስት ጣደች።